ለሲጋራና ለላይተር ማስቀመጫ ሦስት ዕቃ ሞክሬ

ልጄ ሦስት ዓመት አልፏታል። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከሥራ ገብቼ ኮቴን ወንበር ላይ ጣል አደረግኩና እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ላይተሬን በሁለት እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ልታሽከረክረው ትታገላለች። አቅም አንሷት አልበራላትም። ከንፈሯ ላይ ግን የትንባሆ ፍርፋሪ ነበር። አፏን በጣቴ ስጠርግ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኒኮቲን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፤ የተጨሰው ቁራጭ እንኳ ሳይቀር። ባለቤቴ አልጮኸችብኝም። ኮቱን አንስታ በር ላይ ሰቀለችና "እዚህም ቢሆን ወንበር ስባ ትደርስበታለች" አለችኝ።

በማግሥቱ ማስቀመጫ ፍለጋ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የእንጨት ሳጥን አሠራሁ። እዚሁ ደሴ አንድ እንጨት ቤት 1,200 ብር ከፈልኩ። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ክዳኑ ላይ አበባ ተፈልፍሎበታል፣ ከፊት ትንሽ ቁልፍ አለው። ችግሩ እንጨቱ ፅድ ነው፣ ያውም በደንብ ያልደረቀ። በሳምንቱ ሲጋራው ሁሉ ፅድ ፅድ ይል ጀመር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው እንጨቱ አበጠና ክዳኑ አልገጥም አለ። ክብሪቱ እርጥበት ገብቶበት ሲጫር ጫፉ ይፈረፈራል። እንጨት ከወደዳችሁ የከረመ ዋንዛ ብላችሁ እዘዙ። የእኔን ባለቤቴ ክርና መርፌ ታስቀምጥበታለች።

ሁለተኛው ተራ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው። ጠርዙ ላይ ጎማ ያለው፣ በአራቱም በኩል ቀጭ ብሎ የሚዘጋው ዓይነት። ሰኞ ገበያ 350 ብር ገዛሁት። ለቤት ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ሲጋራው አይደርቅም፣ ክብሪቱ አይረጥብም፣ ሽታው አይወጣም። አንድ ቀን ይዤው ኮምቦልቻ ወረድኩ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የሀረጎን ቁልቁለት ወርጄ ልከፍተው ስል ክዳኑ ወደ ውስጥ ተስቦ ጥብቅ ብሏል። ታች የአየሩ ግፊት ስለሚበልጥ ነው። ማታ ደግሞ ኮምቦልቻ ዘግቼው ደሴ ስከፍተው ፍስስ ብሎ አየር ወጣ። አየር እንደማያስገባ ያኔ አመንኩ።

መተርኮሻውን ግን አብራችሁ እንዳታስገቡ። አንዴ ሳላጥበው ከትቼው ፓኬቱ በሙሉ አመድ አመድ ሸተተኝ። አሁን በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው፣ ታጥቦ፣ ተደፍቶ። ምሳ ዕቃው ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው። ማንም ምግብ እንዳይጨምርበት ክዳኑ ላይ በማርከር ጽፈንበታል።

ለመንገድ ግን አይመችም፤ ትልቅ ነው። ኮምቦልቻ የምሠራ ሰው ነኝ፣ በየቀኑ እመላለሳለሁ። አዋጅ 1112/2011 ሲጋራ በነጠላ መሸጥ ስለሚከለክል ሙሉ ፓኬት ነው የምገዛው። ፓኬት ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ሲቀመጡ ኪስ ውስጥ ይጨፈለቃል።

ሸዋ በር አካባቢ ጫማ የሚሰፉ አንድ አባት አሉ። የምፈልገውን በእጄ እየለካሁ አስረዳኋቸው። "አብሽር ልጄ፣ ቅዳሜ ና" አሉኝ። ቅዳሜ ሄጄ 700 ብር ከፍዬ ተቀበልኩ። እጅግ ነው የወደድኩት። መዳፍ የምታህል የበሬ ቆዳ ቦርሳ ናት፣ ዙሪያዋን በሰም ክር የተሰፋች። ፓኬቱ የሚገባበት በኩል ውስጡ ጠንካራ ቆዳ ስለተደረበበት ብትቀመጡበትም አይጎብጥም። ለላይተሩ ለብቻው ጠበብ ያለ ኪስ አለ፤ መጫኛው ወደ ታች ሆኖ ስለሚገባ ሳይታሰብ ተጭኖ ጋዝ አያፈስም። ይህን እኔ አላሰብኩትም፣ እርሳቸው ናቸው ያሰቡት።

ሦስተኛ ኪስ እኔ አስጨመርኩ፦ ለቁራጭ። ውስጡ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ አስቀምጫለሁ። መንገድ ላይ ስጨርስ በደንብ አጥፍቼ፣ ቀዝቅዞ፣ እዚያ ውስጥ ዘግቼ እይዘዋለሁ። ዝናብ ሲጥል ውሃው ሁሉንም ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ነው የሚከተው፤ ያንን እያየሁ ቁራጭ መጣል አልቻልኩም። ቆርቆሮውን በየማታው መድፋት ግዴታ ነው፤ አንድ ቀን ካደረ ቦርሳዋ ትሸታለች።

ሌላ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር፦ ቦርሳዋን መኪና ውስጥ ትታችሁ እንዳትወርዱ። ላይተሮች ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት እንዳይነካቸው የሚል ማስጠንቀቂያ አለ፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ በመስታወት ገብታ ዳሽቦርድ ስታግል ታውቋታላችሁ። የሥራ ባልደረባዬ ላይተር እዚያ ተሰንጥቆ ጋዙ አልቆ አገኘው። ሰው መኪናው ውስጥ ስላልነበረ እግዜር ይመስገን።

ወደ ቤት ስገባ ቦርሳዋን ኮቴን ሳላወልቅ በፊት ቁም ሳጥኑ ላይ ነው የማወጣት። ልጄ አሁን ኪሴን ስትፈትሽ የምታገኘው ከረሜላ ነው።

የቦርሳዋ ዚፕ በሁለተኛው ወር አልከፈት ማለት ጀምሮ ነበር። ወደ ጫማ ሰፊው ልመልሳት ስል "ሻማ እሽበት" አሉኝ። አሸሁበት፣ አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል።