ወረቀቴን አንብበው ለተረጎሙልኝ ለጎንደሩ ቲቸር

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። የአሜሪካ ዜግነት ሰርተፊኬቱ እጄ እስኪገባ ነው የጠበቅኩት። አሁን ገብቷል። ስለዚህ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የትርጉም ሥራ ለሚሠሩት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቲቸር» ለሚላቸው አባት ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ቲቸር የሚባሉት ጡረታ እስኪወጡ እንግሊዝኛ ያስተማሩ ስለሆኑ ነው። የሚሠሩትም ልክ እንደ መምህር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ትዳሬን የመሠረትኩት እዚያው ጎንደር ነው፤ በ2001 ዓ.ም. ጥር፣ የጥምቀት ሰሞን። አልሆነም። ለምን እንዳልሆነ አልገባበትም። ሁለታችንም ዛሬ በየቤታችን በሰላም እንኖራለን። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው በወረቀት አፈራርመው ለያዩን። እኔ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ አጎቴ ግን «የሽማግሌ ወረቀት ለሰላማችሁ ነው። ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ሂዱና በስምምነት አስወስኑ» ብሎ ጎተጎተን። ሄድን። ውሳኔው የካቲት 5 ቀን 2006 ዓ.ም. ወጣ። አጎቴን ነፍሱን ይማረውና፣ ያኔ ባይገፋን ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም። ዛሬም የሽማግሌ ወረቀት ብቻ ይዘው «ተፋትቻለሁ» የሚሉ ስንት ሴቶች አውቃለሁ።

ከዓመታት በኋላ እግዜር ሌላ ትዳር ሰጠኝ። ባለቤቴ የአዘዞ ልጅ ነው፣ የአሜሪካ ዜጋ። በእሱ በኩል ግሪን ካርድ አገኘሁ። ከዜጋ ጋር በትዳር የሚኖር ሰው አምስት ዓመት ሳይጠብቅ በሦስት ዓመቱ ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ሦስቱንም ዓመት አብሮ መኖር አለበት። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 18 ወር አሜሪካ ውስጥ በአካል መገኘት አለበት። ባልየውም ሦስቱን ዓመት ሙሉ ዜጋ ሆኖ የቆየ መሆን አለበት። ሁሉንም አሟልቼ ነበር። ኤን 400 የሚባለውን ፎርም ሞላሁ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ኢንተርቪው ተጠራሁ። ፈተናውንም አለፍኩ።

ከዚያ ኦፊሰሯ ፋይሌን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ወረቀት አወጣች። የጎንደሩ ፍቺ ትርጉም ነው። ጣቷን ቀኑ ላይ አድርጋ «ያገባሽው በ2009 ነው። የተፋታሽው በ2006 ነው። ሳታገቢ እንዴት ተፋታሽ?» አለችኝ።

አፌ ተሳሰረ። ወረቀቱን ዞር አድርጋ ስታሳየኝ እውነትም እንደዚያ ይላል። የጋብቻው ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ተቀይሯል። የፍቺው ግን እንዳለ ተገልብጧል። የካቲት 5 ቀን 2006 የሚለውን «ፌብሩዋሪ 5፣ 2006» ብለውታል። በትክክል ሲቆጠር ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2014 ነው። ስምንት ዓመት! ያንን ትርጉም ያሠራሁት ከጎንደር ውጭ ካለ አንድ ቢሮ ነበር። ማኅተምና ፊርማ ስላለው አምኜ ወሰድኩት። ግሪን ካርዱ ሲሠራም ማንም ልብ አላለውም።

ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የፊተኛው ትዳር በሕግ መፍረሱ ካልተረጋገጠ የኋለኛው ትዳር ራሱ ይጠየቃል። የኋለኛው ካልጸና ደግሞ ግሪን ካርዱም በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ ይናጋል። ኦፊሰሯ ክፉ ሰው አልነበረችም። የጎደለውን በወረቀት ጽፋ፣ ቀነ ገደብ ሰጥታ ሸኘችኝ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ለእናቴ ሙት ዓመት ወደ ጎንደር ትኬት ቆርጬ ነበር። ዋናውን የውሳኔ ግልባጭ እህቴ ከእናታችን ሳጥን ውስጥ አውጥታ ጠበቀችኝ። ተዝካሩ ባለፈ በማግስቱ «ቲቸር ጋ እንውሰደው» አለችኝ። እኔ እንኳ ቶሎ የሚሠራልኝን ነበር የምፈልገው። ቤታቸው ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምበት ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ግድግዳው ላይ ፈቃዳቸው፣ አጠገቡ የእኛንም የፈረንጁንም ቀን የያዘ የግድግዳ ካሌንደር።

ወረቀቱን ተቀበሉኝና መጻፍ ሳይጀምሩ ማንበብ ያዙ። ሃያ ደቂቃ ያህል። እርሳስ ይዘው በየመስመሩ ዝቅ ይላሉ፣ ይመለሳሉ፣ ያከብባሉ። የደበዘዘችውን ሐምራዊ ክብ ማኅተም በአጉሊ መነጽር አዩዋት። ለዜግነት ጉዳይ ያን ወረቀት ስንት ሰው ነካካው! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲያነበው ያየሁት ግን እሳቸውን ብቻ ነው።

ቀና አሉና «ልጄ፣ መዝገቡ የተከፈተው መቼ ነው?» አሉኝ።

«ኅዳር 2006።»

«ውሳኔውስ?»

«የካቲት 2006።»

«አየሽ፣ በእኛ አንድ ዓመት ነው። በእነሱ ግን ኅዳሩ 2013 ነው፣ የካቲቱ 2014። ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪቀይሩ ሰባት ነው የሚደመረው። ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት። ዝም ብሎ ስምንት የሚደምርም ይሳሳታል፣ ምንም የማይደምርም ይሳሳታል።» ይህን እያሉ በእርሳስ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን ጻፉልኝ። ያቺን ቁራጭ ወረቀት እስካሁን ይዣታለሁ።

ከዚያ ሌላ ነገር አገኙ። ውሳኔው ላይ የአባቴ ስም አንድ ፊደል ስቷል። እኔ አስር ዓመት ሙሉ አላየሁትም። «ቲቸር፣ እርስዎ እንግሊዝኛው ላይ አስተካክለው ይጻፉልኝ፣ ማን ያየዋል?» አልኳቸው። ቸኩያለሁ፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው። እርሳሱን አስቀመጡ። «እኔ የተጻፈውን ነው የምተረጉመው፣ መጻፍ የነበረበትን አይደለም። የጽሕፈት ስህተት ከሆነ የጻፈው ፍርድ ቤት ራሱ ያርመው። እርማቱን ይዘሽ ነይ፣ ሥራሽን አስቀድምልሻለሁ» አሉኝ። በሰዓቱ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው እግራቸው ላይ ብወድቅ ደስ ይለኛል። ቀን የተሳሳተበትን ወረቀት በስም በተነካካ ወረቀት ልተካው ነበር እኮ!

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊ ማመልከቻውን ጻፉልኝ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በመዝገብ ቁጥሩ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውጥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እሷንም እግዜር ይስጣት። እርማቱ በስድስተኛው ቀን ወጣ፣ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማኅተም አርፎበት። «ለምን ከቀበሌ የፍቺ ሰርተፊኬት አላወጣሽም?» ያሉኝ ነበሩ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። የእኔ ፍቺ ከዚያ በፊት ስለሆነ የምመካበት የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ነበር።

ይዤ ስመለስ ቲቸር ቃላቸውን ጠበቁ። ፓስፖርቴን ጠይቀው ስሜን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ጻፉት። ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀመጡ፣ የኢትዮጵያው የትኛው የፈረንጁ የትኛው እንደሆነ ለይተው። የማኅተሙን ጽሑፍ ሳይቀር ተረጎሙ። ያልታያቸውን ቦታ በግምት አልሞሉትም፣ «የማይነበብ» ብለው አለፉት። መጨረሻ ላይ ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ እሳቸውም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆናቸውን በፊርማቸው አረጋገጡ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ከተርጓሚ የሚጠይቀው ይህንን ማረጋገጫ ነው። «ኖታሪ ጋ ሄጄ ላስረጋግጠው?» ስላቸው «ለዚህ አያስፈልግሽም፣ ገንዘብሽን አታባክኚ» አሉኝ። ለሦስት ገጽ 1,200 ብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ቆረጡልኝ።

በጣም ያከበርኳቸው ግን ከዚህ በኋላ ባሉኝ ነገር ነው። አንዲት የአክስቴ ልጅ አለች፣ እሷም በትዳር ሄዳ ግሪን ካርድ ያገኘች። ባሏ ዜጋ ነበር፤ ተፋቱ። «ሦስት ዓመት ስለሞላኝ ማመልከት እችላለሁ?» ትላለች። ቲቸርን ጠየቅኳቸው። «እሱን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ። እኔ የማውቀው ወረቀት ነው። ያላወቅኩትን ብነግርሽ ልጅቷን እጎዳታለሁ» አሉኝ። ስንት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ በማያውቀው ነገር ሰው ገደል በሚከትበት ዘመን!

ጠበቃ ጠየቅን። መልሱ ብዙ እህቶቼን ስለሚመለከት እጽፈዋለሁ። የሦስት ዓመቱ መንገድ የሚሠራው ትዳሩ ካለ ብቻ ነው። ከማመልከትሽ በፊት ብትፋቺ፣ ወይም አመልክተሽ መሐላ ሳትፈጽሚ ብትፋቺ፣ በእሱ መንገድ ዜግነት አታገኚም። መንገዱ ግን አልተዘጋም። ግሪን ካርድ ካገኘሽ አምስት ዓመት ሲሞላሽ በራስሽ ታመለክቻለሽ። ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር እዚያ በአካል መገኘት አለብሽ። ማመልከቻውን አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። የአሥር ዓመቱን ግሪን ካርድ የያዘች ሴት በመፋታቷ ብቻ ካርዷ አይሰረዝም። የሁለት ዓመቱን ጊዜያዊ ካርድ የያዘች ደግሞ ካርዷ ቋሚ እንዲሆንላት ያለ ባሏ ፊርማ ብቻዋን ማመልከት ትችላለች። ትዳሩ የእውነት እንደነበረ ግን ማሳየት አለባት፤ አብረው የተከራዩበትን ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የልጅ የልደት ወረቀት። የአክስቴን ልጅ «ተፋታሁ አትበይ፣ ዝም ብለሽ ሙይ» ያሏት ሰዎች ነበሩ። እባካችሁ እንዲህ አትምከሩ። ውሸት የተጻፈበት ፎርም ዜግነቱን ብቻ አይደለም፣ ያለውንም ያስወስዳል። አሁን አምስት ዓመቷን እየጠበቀች ነው። የትዳር ወረቀቶቿንም በአንድ ክላሰር ሰብስባ አስቀምጣለች።

የእኔ ወረቀት በቀነ ገደቡ ውስጥ ገባ። ተጨማሪ ጥያቄ አልመጣም። የመሐላው ቀን ባለቤቴና ልጆቹ አብረውኝ ነበሩ። እጄን ሳነሳ ደስታም ነበር፣ ሆድም ባሰኝ። በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ከእንግዲህ ጎንደር የምገባው በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። እናቴ ይህን ሳታይ መሄዷም አብሮ መጣብኝ።

ከአዳራሹ ሳልወጣ የሰርተፊኬቱን ፎቶ ለቲቸር በቴሌግራም ላክሁላቸው። ጎንደር መሽቷል፣ ተኝተው ይሆናል ብዬ ነበር። ወዲያው መለሱ። «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ስምሽንና የትውልድ ቀንሽን ፊደል በፊደል አየሽው? ከዚያ ሳትወጪ እይው።»

አየሁት ቲቸር። ሁሉም ልክ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት፣ የጋብቻ ወይም የትምህርት ማስረጃ ማስተርጎም የምትፈልጉ የጎንደርና የአካባቢው ልጆች፣ ፒያሳ ወርዳችሁ የትርጉም ቤቱን ቲቸር ብላችሁ ጠይቁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን አሉ። ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ዋናውን ወረቀትም ያዙ፤ ከፎቶ ኮፒ ላይ አይተረጉሙም።