ማሳደጊያ ወይስ የዘመድ ቤት?

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መናኸሪያ የወረደ ሰው ያያቸዋል፤ የሊስትሮ ዕቃ የያዙ፣ ማስቲካ የሚያዞሩ ልጆች። ወላጅ የሞተበት አለ፤ ቤቱ የሚላስ የሚቀመስ የጠፋበትም አለ። የት ይደጉ?

ማሳደጊያ ምግቡ በሰዓቱ ነው። አልጋና ደብተር አለ። ቤተሰቡ ለሚበድለው ልጅ ደግሞ መሸሸጊያ ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሞግዚቶቹ በፈረቃ ይቀያየራሉ። ሌሊት የሚባንነውን ልጅ ዛሬ ያባበለችው ነገ የለችም። በ2000 እ.ኤ.አ. በሩማንያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ውስጥ በተጀመረ ጥናት፣ ማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት ግማሾቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። በአእምሮ እድገትም በስሜትም የተሻሉት እነሱ ነበሩ። በተለይ 2 ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት።

አያት ወይም አክስት ቤት የሚቆጣውም የሚያቅፈውም ያው ሰው ነው። ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ መንደሩ ያውቃል። ግን አያቲቱ ራሷ ጦሟን ካደረች ፍቅር ብቻውን አያጠግብም። ልጁም ከብት ጠባቂ ሆኖ ከትምህርት ይቀራል።

እኔ የዘመድ ቤትን እመርጣለሁ፤ ብቻውን ግን አይተው። ለለቅሶ ድንኳን የሚተክለው እድር በክረምት፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ለነዚህ ቤቶች እህል ቢያዋጣ ምን አለበት? የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋም ጎራ ትበል። ልጁን ለብቻው ታነጋግረው፦ «እንቅልፍ ይወስድሃል? ከማን ጋር ትጫወታለህ?» ከጨዋታ ከራቀና ዝምታው ከበዛ ጤና ጣቢያ ይታይ። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ይውጣ።