ጺጸርናካበርድ (የሬቫን)፦ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ቁጥሩን አትሳቱ

ጺጸርናካበርድ በኦቶማን ቱርክ ዘመን በዘር ማጥፋት ላለቁት አርመኖች የተሰራ የመታሰቢያ ቦታ ነው፣ ኮረብታ ላይ። አርመን የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ፣ እኔ ምንም ሳላነብ ሄጄ ነው ጉድ ልሆን የነበረው። ከኮረብታው በታች አንዲት ሴትዮ ጋ 5 ቀይ ካርኔሽን ላነሳ ስል ጭንቅላቷን ነቅንቃ አንዷን ነጥቃ ባልዲው ውስጥ መለሰቻት። ዋጋ የጨመረችብኝ መስሎኝ ስነታረክ አንድ ልጅ ነው ያስረዳኝ፣ እዛ አገር ጎዶሎ ቁጥር ለልደትና ለሰርግ ነው፣ ለሞተ ሰው ጥንድ ነው የሚወሰደው። በቃ ለ1.5 ሚሊዮን ሰው ለቅሶ ልደርስ መጥቼ የልደት አበባ ይዤ ልገባ ነበር ማለት ነው።

የሄድኩት ሚያዝያ 16 ነው፣ በነሱ አፕሪል 24። በ1915 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የኦቶማን ዋና ከተማ ቁስጥንጥንያ (የዛሬዋ ኢስታንቡል) ውስጥ የአርመን ጸሐፊውም ሐኪሙም የፓርላማ ሰውም በአንድ ሌሊት እየተለቀመ የታሰረበት ቀን ነው፣ ሙዚቀኛው ቄስ ኮሚታስም አብሮ ተይዟል። ዋዜማው ማታ ወጣቶቹ ችቦ ይዘው ከከተማው ወደ ኮረብታው ይወጣሉ፣ በነጋታው ደግሞ አገሩ በሙሉ፣ አሮጊቱ፣ ወታደሩ፣ አንገት ላይ የተቀመጠ ህጻን ሳይቀር፣ ጠዋት ጀምሮ እስኪመሽ በእግሩ። ረጅም ሰልፍ ነው ግን የሚጋፋ የለም፣ የሚጮህ የለም። እኔ ሙሾና ደረት መምታት ጠብቄ ነበር፣ እሱ የለም።

ሐውልቱ ጋ ስትደርሱ 12 ግዙፍ ድንጋዮች ክብ ሰርተው ወደ ውስጥ አዘንብለዋል፣ መሀል ላይ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ የማይጠፋው እሳት ይነድዳል። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ እግራችሁን ለማየት የግድ አንገታችሁን ትደፋላችሁ፣ ስትደርሱ ሳታስቡት እጅ ነስታችኋል ማለት ነው! የሰራው ሰው አእምሮ ይገርማል። አበባችሁን ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለት ሰከንድ ትቆማላችሁ፣ ከኋላ ሰው አለ ትወጣላችሁ። ከሰዓት በኋላ የአበባው ክምር ህጻን ልጅ ይሸፍናል። ጎኑ ያለው 44 ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ድንጋይ ለፎቶ ያምራል፣ ግን እዛ ቀን እሳቱ ጋ ሰልፊ የሚነሱ ቱሪስቶች ነበሩ፣ እባካችሁ እንደዛ አትሁኑ።

ቦታው እራሱ የተገኘው በለቅሶ ነው። ሶቭየት እያለ ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ አይወራም ነበር፣ በ1965 50ኛ ዓመቱ ላይ የሬቫን ውስጥ ወደ 100,000 ሰው አደባባይ ወጣ፣ ከዛ ነው ተፈቅዶ በ1967 ሐውልቱ ያለቀው።

ሙዚየሙ መሬት ስር ነው፣ በ1995 የተከፈተ፣ መግቢያ ነጻ። ሰኞ ዝግ ነው፣ እኔ ሰኞ ሄጄ በሩን አይቼ ተመልሻለሁ (ጥፋቱ የኔ ነው)። ማክሰኞ ስመለስ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ጀርመናዊው ወታደር አርሚን ቬግነር ተከልክሎ እያለ በድብቅ ያነሳቸው፣ ከቤታቸው የተባረሩት አርመኖች ፎቶዎች ጋ ትንሽ ቁጭ ማለት ነበረብኝ። የወላጅ አልባ ህጻናት ነገር ላይ ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ትዝ አሉኝ፣ እኛ ማርሽ ባንዳቸውን ብቻ ነው የምናወራው፣ ለምን ወላጅ እንዳልነበራቸው ስንቶቻችን ጠይቀናል።

ሌላ የገረመኝ፣ በ2015 100ኛ ዓመቱ ላይ ቤተክርስቲያናቸው ዋና መንበሯ ኤችሚያድዚን ላይ ሟቾቹን በሙሉ ሰማዕታት ብላ ቅዱስ አድርጋቸዋለች። ስለዚህ ከዛ ወዲህ ፍትሐት አይደረግላቸውም፣ ለነሱ መጸለይ ቀርቶ በነሱ መማጸን ሆነ። መቶ ዓመት ሙሉ ያለቀሱለትን ሰው አማልደን ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት፣ ህዝቡ ግን ዛሬም አበባውን ይዞ ይወጣል።

ከ5 ኮከብ 5። ከቻላችሁ ሙዚየሙን አስቀድሙ፣ እሳቱ ጋ በኋላ ውረዱ፣ እኔ ገልብጬ ነው የሄድኩት። ኮረብታው ላይ ነፋስ አለ ጃኬት ያዙ፣ ሰማዩ ከጠራ የአራራት ተራራ ፊት ለፊት ይታያል፣ ተራራው ግን ከድንበሩ ማዶ ቱርክ ውስጥ ነው። አበባው ደግሞ አይጣልም፣ ከቀናት በኋላ በጎ ፈቃደኞች መጥተው ቅጠሉን ካገዳው ይለያሉ፣ ወረቀት ይሰሩበታል።