ደብረ ማርቆስ፦ ለወጣቶች ስለተከፈተችው የጤና ክፍል

ከደብረ ማርቆስ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ግቢ ለወጣቶች ብቻ የተለየች ክፍል አለች። ስለ እሷ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጠቅለል አድርጌ ልጻፈው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ። የጤና ጣቢያውን ስም እዚህ አልጠቅስም፣ ቅሬታም ስላለኝ። መሄድ የሚፈልግ ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ።

ቁርስ ቤት አለኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች አብዛኞቹ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከስናን ገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። ቤተሰብ አጠገባቸው የለም። ሲያማቸው ይደብቃሉ፤ ታመምኩ ካልኩ ከሥራ እባረራለሁ ብለው ይፈራሉ። አንዷ በ15 ዓመቷ ሊድሯት ሲሉ ሌሊት ጠፍታ የመጣች ናት። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 እንደሆነ እያወቀ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ ሰው አሁንም አለ፣ ይህ ያንገበግበኛል። ይህችን ልጅ በፊት ሌላ ቦታ ልኬያት ነበር። ወረፋው ሁሉ እየሰማ «ባል አለሽ? የለሽም? ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?» ተባለች። ሳትታከም ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሕክምና የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጥ ነበር።

እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መግቢያው በዋናው በር ሳይሆን በጎን ነው። ስም አይጠራም፤ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይሰጡሻል፣ ቁጥርሽ ሲደርስ ትገቢያለሽ። መጋረጃው ድርብ ነው። ክፍሉን የምትመራው ሲስተር ጠረጴዛ ማዶ አትቀመጥም፣ ወንበሯን ስባ አጠገብሽ ትመጣለች። መጀመሪያ የምትጠይቀውም «ምንሽን ነው ያመመሽ?» ብላ አይደለም። «የት ነው የምታድሪው? ከማን ጋር?» ነው የምትለው። ጥያቄው ለወሬ አይደለም። ወጥ ቤት ወለል ላይ የምትተኛ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር የሌላት ልጅ የሚያሰጋት ነገር እናቷ ጋ ከምታድር ልጅ ጋር አንድ አይደለም። ያቺ የእኛዋ ልጅ አሁን ማንም ሳያጅባት ብቻዋን ትሄዳለች።

ስለ ሲስተር ትንሽ ልበል። ነርስ ሆና ጀምራ በኋላ በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች ተመራማሪ ናት። ዕድሜዋን የፈጀችው ጎዳና ላይ የሚያድሩ፣ በሰው ቤት የሚሠሩና የቆሎ ተማሪ የሆኑ ልጆች እንዳይታመሙ በመሥራት ነው። ጥናቷን ስታካሂድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል መጥታ ልጆቹን አንድ በአንድ ጓዳ እያስገባች አነጋገረቻቸው፣ እኔን ደግሞ በትህትና ውጪ አለችኝ። ለምን አትታከሙም ነበር ጥያቄዋ። አብዛኞቹ «አላውቅም ነበር» አላሉም። ሰዓት የለንም ነው ያሉት። ጠዋት ቁርስ፣ ቀጥሎ የምሳ ጥድፊያ፣ ፋታ የሚያገኙት ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ካርድ ክፍል ሊዘጋ ይንደረደራል። ስለዚህ ክፍሏ ረቡዕና ዓርብ እስከ ማታ 1 ሰዓት ክፍት ሆነች። ጥናት ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ ሲቀር ነው የለመድነው፤ የእሷ ግን በር ላይ የተለጠፈ የሥራ ሰዓት ሆነ።

በጣም የወደድኩት ከግቢው ውጭ የሚሠራውን ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ ደበሎ ለብሰው አኩፋዳ ያነገቱ ልጆች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ሲስተር መጀመሪያ የኔታን ታስፈቅዳለች። እሳቸው እሺ ሳይሉ አንድም ልጅ አትነካም። አብሬያት ሄጄ ያየሁት እከክን ነበር። አንዱን ልጅ ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው፤ ሰው እከክ ሲይዘው ማሳከክ ሳይጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ በዚህ መሃል ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ በአንድ ጎጆ የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን ከአንገት እስከ እግር ጥፍር የፐርሜትሪን ቅባት ተቀቡ። ልብሱ በፈላ ውሃ ተነከረ። ደበሎ ግን አይቀቀል ነገር! እሱን በላስቲክ ጥፍር አድርጋ አስራ ለሳምንት እንዳይነካ አደረገች፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ሳምንቱን የሚለብሱት ጋቢ ከሰፈር ተለምኖ ነው የተገኘው።

እዚያው ስለ ውሻም አስተማረቻቸው። ቁራሽ ሲለምኑ የሚነከሱት ብዙ ናቸውና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ለክትባት ይሩጥ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለ ባዶ እግርም አንስታለች። እኛ ደጋ ላይ የምናየው የእግር ማበጥ እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ቀዩ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ዓመታት ሲገባ የሚመጣ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወንዶች ልጆችንም ከመሄዳቸው በፊት ትሰበስባለች። ወባን ሁሉም ያውቃል። ካላዛርን ግን ብዙዎቹ አያውቁም፤ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የሚመጣ ነው። ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳችሁና ሆዳችሁ ካበጠ ወባ ነው ብላችሁ አትተኙ ትላቸዋለች። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባትም አለ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ሴት ልጆች መሰጠት ሲጀምር በአብዛኛው የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነበር፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትውል ልጅ የት ታገኘዋለች? ሲስተር እነዚህን ልጆች ከየቤቱ እየፈለገች ታስከትባለች።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቅዳሜና እሁድ ዝግ ናት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የተደፈረች ልጅ ኤችአይቪን የሚከላከለውን መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለባት፣ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፣ ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ዓርብ ማታ የተጠቃች ልጅ እስከ ሰኞ ጠዋት ከጠበቀች ጊዜው ሊያልቅ ምን ቀረው? ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ የሚል አንድ ወረቀት እንኳ በሩ ላይ የለም። በቃል ተናግሬያለሁ፣ በአስተያየት መስጫውም ጽፌያለሁ፣ እስካሁን አልተለጠፈም። ሁለተኛ፣ የእከክ ቅባቱ ብዙ ጊዜ ያልቃል፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል፣ ከውጭ ግዙ ይባላል። የቆሎ ተማሪ በምኑ ይገዛል? ሦስተኛ፣ ሁሉ ነገር በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ነው። ሲስተር ሥልጠና በሄደች ሰሞን የተተካው ሰው ስም እየጮኸ ሲጠራ ሰማሁ፣ ሁለት ልጆች ከወረፋው ተነስተው ወጡ። አሠራሩ ሰው በተቀያየረ ቁጥር የሚለዋወጥ መሆን የለበትም፣ ተጽፎ ይቀመጥ።

ለምትሄዱ፦ ምክርም ምርመራም በነፃ ነው። መታወቂያ አልጠየቁንም። 15 ዓመት የሞላው ልጅ ኤችአይቪ ለመመርመር የወላጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ራሱ መወሰን ይችላል። ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ወረፋው ይቀላል፣ ዓርብ ግን ይጨናነቃል። የቤት ሠራተኛ ያላችሁ እህቶቼ ደግሞ ሁለት ሰዓት ፈቃድ ስጧቸው፣ ደመወዝ ሳትቆርጡ፣ የት ነበርሽ ብላችሁም አታፋጥጡ። ለቆሎ ተማሪዎቹ ጫማ እየተሰበሰበ ነው፣ ከ35 እስከ 40 ቁጥር ያለው ቁርስ ቤቱ ድረስ ያምጣልኝ፣ ያገለገለም ቢሆን ሶሉ ያልተቀደደ ይሁን።