ፔፓኩራ፣ ብሌንደር ወይስ ስኬችአፕ? የወረቀት ሞዴል መንደፍ ለምትጀምሩ የጅማ ልጆች

ሌላ ሰው የነደፈውን አትሞ፣ ቆርጦ ማጣበቅ ደስ ይላል። ግን ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የአያታችሁን ጎጆ ወይም ጀበናን በወረቀት ማቆም ከፈለጋችሁ ራሳችሁ መንደፍ አለባችሁ። ያኔ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ፕሮግራም ልያዝ?» ነው።

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቅርጹ በኮምፒውተር በ3ዲ ይሠራል። ከዚያ ቅርጹ ተፈትቶ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ይዘረጋል። ፔፓኩራ የሚሠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ስኬችአፕ የመጀመሪያው ላይ ጎበዝ ነው። ብሌንደር ሁለቱንም ይሠራል። ይህን ሳያውቁ ፔፓኩራን ገዝተው «መሳያው የት አለ?» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

የኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ለጀማሪ ብሌንደር። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ብሌንደር ነጻ ነው። የሙከራ ጊዜ የለው፣ የሚያልቅ ፈቃድ የለው። አንዴ ከ300 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል ካወረዳችሁ በኋላ ዳታ አይበላም። ኔትወርክ ቢጠፋ ሥራችሁ አይቆምም። ጓደኛችሁ ጋ ካለ ደግሞ በፍላሽ መቀበል ይቻላል፤ ሕጋዊ ነው። ወረቀት የሚዘረጋው ተጨማሪ መሣሪያ እስከ 4.1 ስሪት ድረስ አብሮ ይመጣል፤ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ማብራት ብቻ ነው። ከ4.2 ወዲህ ግን ለብቻው ይወርዳል።

ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ አዲሱን ስሪት አትድከሙበት። ከ4.0 ጀምሮ ኦፕንጂኤል (ፕሮግራሙ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ) 4.3 የሚችል ግራፊክስ ይጠይቃል፤ ብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ይህን አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የብሌንደር 2.83 ስሪት ግን በኦፕንጂኤል 3.3 ይሠራል። ከብሌንደር ድረ ገጽ የቆዩ ስሪቶች ማኅደር ውስጥ ይገኛል። ለወረቀት ሥራ ምንም አይጎድለውም።

ጉዳቱ መልመዱ ነው። መጀመሪያ ሲከፈት በቁልፎች ብዛት ያስደነግጣል። ግን ለወረቀት የሚያስፈልጋችሁ ጥቂቱ ነው፦ ነጥብና ጠርዝ ማንቀሳቀስ፣ ገጽ (የቅርጹን አንዱን ጠፍጣፋ ጎን) ስቦ ማውጣት፣ የሚቆረጠውን መስመር ምልክት ማድረግ። መብራቱን፣ አኒሜሽኑን፣ ሌላውን ሁሉ ተዉት።

የሚቆረጠውን መስመር መምረጥ ዋናው ጥበብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ግድግዳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ችግር የለውም። የጎጆ ጣሪያም በአንድ መስመር ከተሰነጠቀ ሳይጨማደድ ይዘረጋል። የጀበና ሆድ ግን እምቢ ይላል፤ በሁለት አቅጣጫ ስለጎበጠ። የብርቱካን ልጣጭ ጠረጴዛ ላይ ስትጫኑት እንደሚቀደደው ማለት ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ይህ ፈጽሞ እንደማይቻል አረጋግጧል። ስለዚህ የትኛውም ፕሮግራም ቢገዛ ጀበናው ከላይ ወደ ታች በቁራጭ መከፋፈል አለበት። 8 ቁራጭ ለጀማሪ ይበቃል። 24 ካደረጋችሁት ለስላሳ ይሆናል፣ ግን ማጣበቁ ያማርራል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ ባለ 4 ማዕዘን ገጽ ነጥቦቹ አንድ ሜዳ ላይ ካልሆኑ ወረቀት አይሆንም። ወደ ሦስት ማዕዘን ቀይሩት።

ፔፓኩራ ዲዛይነር የጃፓኑ ታማ ሶፍትዌር ሥራ ነው፤ የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። በመዘርጋት ከብሌንደር ይበልጣል፤ ይህን መካድ አልችልም። በአንድ በኩል 3ዲው፣ በሌላው የተዘረጋው ወረቀት ጎን ለጎን ይታያል። ጠርዝ ስትነኩ የሚገናኘው ጠርዝ የት እንዳለ ያሳያችኋል። ገጽ ከአንዱ ቁራጭ ነቅላችሁ ከሌላው ጋር ትቀጥላላችሁ፣ ኮላ የሚቀባበትን ምላስ ቅርጹን ትቀይራላችሁ። ብሌንደር ላይ ግን ቁራጮቹን ወረቀቱ ላይ ማዘዋወር ስትፈልጉ በኤስቪጂ (የመስመር ሥዕል ፋይል) አውጥታችሁ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ውስጥ ማስተካከል አለባችሁ። እሱም ነጻ ነው፣ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው።

የፔፓኩራ እንቅፋት ክፍያው ነው። ያለ ፈቃድ ይከፈታል፣ ይዘረጋል፤ የሠራችሁትን ማስቀመጥ ግን አይፈቅድም። ጅማ ላይ መብራት ሲሄድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ፈቃዱ ደግሞ የሚገዛው በውጭ ገንዘብ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ካርድ ሁሉም ሰው የለውም። ሞዴል ሠርታችሁ ለመሸጥ ወይም ለማስተማር ካሰባችሁ ግዙት፤ ዋጋውን ያወጣል። ከብሌንደር በኦቢጄ (የ3ዲ ፋይል ዓይነት) አውጥታችሁ ፔፓኩራ ላይ መክፈት ስለሚቻል የተማራችሁት አይባክንም። የተሰበረ ቅጂ ግን አትንኩ፤ ከቫይረሱ ባሻገር የሰዎች ልፋት ነው።

ስኬችአፕ ለማን ነው? ለአርክቴክቸርና ለኮንስትራክሽን ተማሪዎች፣ በተለይ ቀድሞ ለለመዱት። ቀጥ ያለ ግድግዳና ጣሪያ ለማቆም ከሦስቱ በጣም ቀላሉ ነው። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ዋና ቅርጽ በእሱ ማቆም ደስታ ነው። (የበረንዳውን የእንጨት ፍርግርግ ግን በ3ዲ አትሥሩት። ፎቶ አንስታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ በዚያ ልክ ወረቀት መቁረጥ አይቻልም።) ነጻው ስኬችአፕ የሚሠራው በኢንተርኔት ብቻ ነው፣ የሚዘረጉ ተጨማሪ መሣሪያዎችንም አይቀበልም። እነሱን የሚቀበለው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ስሪት በየዓመቱ ይከፈልበታል። ለወረቀት ሞዴል ብቻ ብላችሁ አትክፈሉ። ነጻውን የምትጠቀሙ ከሆነ በኤስቲኤል (ሌላ የ3ዲ ፋይል ዓይነት) አውርዱና ብሌንደር ላይ ዘርጉት።

የትኛውንም ብትመርጡ የምታትሙት ኮፒ ቤት ነው። በፒዲኤፍ ውሰዱ። ለሙከራ ተራው 80 ግራም ወረቀት ይበቃል፤ ለመጨረሻው ከ160 እስከ 200 ግራም ይሁን፣ ማተሚያው ያን ውፍረት ይቀበል እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁ ሲያትም «ገጹን ሙላ» የሚለውን እንዳይመርጥ ንገሩት፤ 100 ፐርሰንት ይሁን። አለዚያ በሁለት ቀን ያተማችኋቸው ገጾች መጠናቸው ይለያይና ጣሪያው ግድግዳው ላይ አይገጥምም። እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ የ10 ሴንቲሜትር መስመር ጨምሩ። ወረቀቱ እንደወጣ፣ ሒሳብ ሳትከፍሉ፣ በማስመሪያ ለኩት።