ሆድ መዳሰስን ማስተማር፦ በሞዴል ወይስ በእናት ላይ?

አራቱን የሊዮፖልድ ደረጃዎች፣ ማለትም የነፍሰ ጡርን ሆድ በእጅ እየዳሰሱ የሕፃኑን አቀማመጥ የሚለዩበትን ቅደም ተከተል፣ ለማስጀመር ሞዴል ይሻላል። መቶ ጊዜ ቢጫኑት አያመውም፤ አስተማሪው ሕፃኑን በቂጡ ወይም አግድም አስተኝቶ ተማሪዋን ሊፈትናት ይችላል። እንዲህ ያለውን አቀማመጥ በፈለጉት ቀን ከእናቶች ማግኘት አይቻልም።

ችግሩ ሞዴል ፊኛው አይሞላም፣ ሆዱ አይጠጥርም፣ «አመመኝ» አይልም። በእሱ ብቻ የለመደች ተማሪ እናት ዘንድ ስትደርስ በጣቷ ጫፍ ትወጋለች፤ ሆድ ይጠጥራል፣ የሚዳሰስ ነገርም ይጠፋል። እጅን አሙቆ፣ ጣቶችን ገጥሞ ቀስ ብሎ መጫን፣ ማህፀን ሲኮማተር ደግሞ ጋብ እስኪል መጠበቅ የሚለመደው ከእናት ነው። ራስና ቂጥን መለየትም እንዲሁ፦ ራስ ጠንካራና ክብ ሆኖ ለብቻው ይወዛወዛል፤ ቂጥ ለስለስ ብሎ ከገላው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ፕላስቲክ ላይ ሁለቱም ደረቅ ናቸው።

እናት ላይ ሲሠራ ፈቃዷ ይጠየቅ፤ ፊኛ ከሞላ የማህፀን አናት ከፍ ብሎ ስለሚለካ አስቀድማ ትሽና። በጀርባዋ ብዙ ካቆዩዋት ማህፀኑ ትልቁን ደም መልስ ተጭኖ ያዞራታል። ስለዚህ ከሁለት ተማሪ በላይ አይዳስሳት። አስተማሪዋ ቀድማ ዳስሳ ያገኘችውን አትናገር፤ ተማሪዋ የራሷን ከጻፈች በኋላ ይተያዩ።