አይጥ ናት ብለው ላልናቋት ሐኪም

«የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባላል። ለሚጡ ግን ዛሬ ምስክሯ እኔ ነኝ። የምመሰክረውም ስላከሟት የእንስሳት ሐኪም ነው። ጽሁፉ ረዘም ይላል። አይጥ የምታሳድጉ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ለእናንተ ብዬ ነው ያስረዘምኩት።

ሚጡ ግራጫ ሴት አይጥ ናት። ሁለት ዓመት አልፏታል። ቤት ውስጥ በእንክብካቤ ያደገ አይጥ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከ2 እስከ 3 ዓመት ስለሆነ አሮጊት ብላት አልዋሸሁም። ብብቷ ሥር እብጠት ሳገኝ ያማከርኳቸው ሰዎች መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አርጅታለች፣ ተያት።» የደወልኩለት አንድ ክሊኒክም «አይጥ አናክምም» ብሎ ስልኩን ዘጋው። አልፈርድባቸውም። የማያውቁትን እናክማለን ከሚሉ ቁርጡን መናገራቸው ይሻላል። በኋላ ጥንቸል ያላት ጓደኛዬ ናት እኚህን ዶክተር የጠቆመችኝ።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ አደባባይ መውጣት አይወዱም። የሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ምን እንዳደረጉ ነው።

መጀመሪያ የገረመኝ ሚጡን ለመንካት አለመቸኮላቸው ነው። ሳጥኗን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው አዩዋት። እንዴት እንደምትራመድ፣ እንዴት እንደምትተነፍስ፣ ቁራሽ ምግብ ሲሰጧት በሁለቱ የፊት እግሮቿ እንዴት እንደምትይዘው። እያጫወቷት መስሎኝ ነበር። ለካ ምርመራው ተጀምሯል። ያረጁ አይጦች፣ በተለይ ሴቶቹ፣ አንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ በምትባል ዕጢ ላይ እብጠት ይወጣባቸዋል። ከምልክቶቹ አንዱ ምግብ በፊት እግር ይዞ መብላት ማቃት ነው። ሚጡ ቁራሿን እንደ ልማዷ እያገላበጠች በላች። «ይሄ ደህና ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ።

ቀጥለው ደረቷን አዳመጡ። ማይኮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ በብዙ አይጦች ሳንባ ውስጥ ይኖራል። በወጣትነት ዝም ይልና ሲያረጁ ትንፋሻቸውን ያስቸግራል። ሳንባዋ የደከመ አይጥ ደግሞ ማደንዘዣ ሊከብዳት ይችላል። ስለዚህ ስለ እብጠቱ ከመወሰናቸው በፊት ሳንባዋን ማወቅ ነበረባቸው። ከዚያ በግራም መዘኗት። ክብደቷን ጻፉና «እኔ ጋ ስትመጪ ብቻ ሳይሆን ቤትሽም በየሳምንቱ መዝኛት» አሉኝ። እንደ አይጥ ያለ ትንሽ እንስሳ ላይ ጥቂት ግራም መቀነስ በዓይን አይታይም። ሚዛን ግን ይይዘዋል።

እብጠቱን የነኩት መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ብይ ከጣት ሥር ሸርተት ይላል። አይሞቅም። ሲጫኑት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። እነዚህ እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። መግል የቋጠረ እብጠት ቢሆን ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይወጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፤ መነሻውም ንክሻ ወይም ጭረት ሊሆን ይችላል። ከቆዳ ጋር የተጣበቀና ቅባት የሞላው ከረጢት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጆሮ ሥር የሚወጣውንም ለብቻው ነገሩኝ። እዚያ ዚምባል የምትባል ዕጢ አለች፣ እሷ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ዓይነት ነው። የሚጡ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የጡት እብጠት ይመስላል አሉ።

እኔ ደግሞ «ዶክተር፣ ብብቷ ላይ እኮ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ሴት አይጥ 12 የጡት ጫፎች አሏት። የጡቱ ሥጋ ከአንገት ጀምሮ በብብትና በጎን በኩል እስከ ብሽሽት ድረስ ተዘርግቷል። ስለዚህ ትከሻ አጠገብም፣ ታፋ ሥርም የሚወጣ እብጠት የጡት ሊሆን ይችላል። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? አይጥ የሚያሳድጉ ወዳጆቼን ጠይቄ ነበር፤ አንድም የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሴት አይጦች ላይ ከሚወጡት የጡት እብጠቶች የሚበዙት ፋይብሮአዴኖማ የሚባሉ ናቸው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጩም። ጥቂቶቹ ግን ካንሰር ናቸው። በእጅ ዳብሶ ብቻ ይህን ከዚያ መለየት አይቻልም፤ እሳቸውም አልሞከሩም። በቀጭን መርፌ ትንሽ ናሙና ወሰዱ። መግል አልወጣም። «እባጭ አይደለም፤ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የምናውቀው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። እስከዚያ የምነግርሽ ሁሉ ግምት ነው» አሉ። ከሐኪም አፍ «ግምት ነው» የሚል ቃል መስማት ያሳርፋል። የእኔ ነገር ሆኖ ነው መሰለኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሐኪም ያስፈራኛል።

ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ላይ ረጅም ጊዜ ወሰድን። ክፉ አይደለም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ እብጠት ቶሎ ቶሎ ያድጋል። አንዳንዴ ከእንስሳዋ ክብደት ጋር የሚፎካከር እስኪሆን ይተልቃል። መሬት ይጎትታል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ መራመድ ይከለክላል። ሳያድግ ማውጣት ካደገ በኋላ ከማውጣት ይቀላል። በሌላ በኩል ዕድሜዋ አለ፣ ማደንዘዣው አለ። አንዱ ቢወጣም የቀረው የጡት ሥጋ ላይ ሌላ ሊበቅል ይችላል። ሁሉንም ነገሩኝ። ወደ አንዱ አልገፉኝም። «የእርስዎ ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?» ስላቸው ብቻ ነው «ሳንባዋ ደህና ነው፣ እብጠቱም ትንሽ ነው፤ አወጣው ነበር» ያሉት።

ለቀዶ ጥገናው ስዘጋጅ «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ምግብ ልከልክላት?» ብዬ ጠየቅኩ። «በፍጹም እንዳትከለክያት» አሉኝ። አይጥ ማስመለስ አትችልም፤ ተፈጥሮዋ ነው። ሰውን ወይም ውሻን ከማደንዘዣ በፊት የምናስጾመው እንዳያስመልስ ነው። አይጥ ላይ ይህ ስጋት የለም። ይልቁንም ያቺ ትንሽ ሰውነት ለረጅም ሰዓት ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ይወርዳል። ስለዚህ ሚጡ ጠዋት በልታ ነው የሄደችው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ማደንዘዣው አይሶፍሉሬን የሚባል ጋዝ ነው። በትንሽ ጭንብል ትስበዋለች፣ ሲቆምም ቶሎ ትነቃለች። ሙሉውን ጊዜ ከሥሯ ሙቀት ነበራት፤ ትንሽ እንስሳ በማደንዘዣ ላይ ሳለች ሙቀቷ ቶሎ ይወርዳልና። ስፌቱን ከቆዳው ውስጥ ደብቀው ነው የሰፉት። አይጥ የምታየውን ክር ሁሉ በጥርሷ ትፈታለች። አንገት ላይ የሚታሰር መከላከያም አብዛኞቹ አይወዱትም። ብልሃቱ ክሩን አለማሳየት ነው።

ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ ፋይብሮአዴኖማ ሆነ። እፎይ።

አሁን ስለ ረዳታቸው ልናገር። ወጣት ልጅ ናት። ማስታገሻውን፣ ሜሎክሲካም ነበር፣ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ከአፏ ጠርዝ እንዴት እንደምሰጣት አሳየችኝ። ከዚያ እኔ እንድሰጥ አደረገችኝ፤ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ነው የለቀቀችኝ። መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ አስልተው ጽፈውታል። የሰው ማስታገሻ በግምት ቆርሶ መስጠት እንደሚገድልም ደጋግማ ነግራኛለች። የሕመም ምልክቶችንም አስተማረችኝ፦ ዓይን ማጥበብ፣ ጆሮን አጥፎ ወደ ኋላ መሳብ፣ አፍንጫና ጉንጭ ጠፍጠፍ ማለት፣ ጠጉር መቆምና መጉበጥ። የአይጥን ፊት አይቶ ሕመምን መለኪያ ዘዴ ተመራማሪዎች በ2011 አሳትመዋል፤ ልጅቷ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ አንድ ሌሊት ሚጡ ዓይንና አፍንጫ ዙሪያ ቀይ ነገር አየሁ። ደም መሰለኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ረዳቷ መለሰችልኝ፦ ደም አይደለም፣ ፖርፊሪን ይባላል፤ ከዓይን ጀርባ ካለች ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። አይጥ ስትጨነቅ ወይም ሲያማት ይበዛል። በእርጥብ ጥጥ ጥረጊላት፣ ጠዋት ከቀጠለ አምጫት አለችኝ። አልቀጠለም። በዚያ ሰዓት መልስ የመስጠት ግዴታ አልነበረባትም። እጅሽ ይባረክ እህቴ።

የዶክተሩን ነገር እዚህ ላይ ብጨርስ ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። ከወራት በኋላ ሌላ እብጠት ወጣ፣ ይኸኛው ብሽሽቷ አጠገብ። እኔ ይወጣል ብዬ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። እሳቸው እንደ መጀመሪያው ቀን አዩዋት፣ አዳመጧት፣ መዘኗት። ትንፋሿ ይሰማል። ክብደቷ ቀንሷል። የኋላ እግሮቿ መጎተት ጀምረዋል፤ ይህ ያረጁ አይጦች ላይ የተለመደ ድካም ነው። «ልጄ፣ ይህን አልነካውም» አሉኝ። እብጠቱ ገና አላስቸገራትም፤ ማደንዘዣው ግን ሊያስቸግራት ይችላል። እኚሁ ሰው ናቸው ያኔ አወጣው ነበር ያሉኝ። ቢላውን ማንሳትም ማስቀመጥም የሚያውቅ ሐኪም አግኝቻለሁ የምለው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ቤት ውስጥ ነው። ፎቅና መሰላል ያለውን ቤቷን ወደ አንድ ወለል ቀየርነው። ውሃ መጠጫዋን ዝቅ አደረግነው። የኋላ እግሯ የደከመ አይጥ ሽንቷ ላይ ስለምትቀመጥ ቆዳዋ ይቃጠላል። ስለዚህ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፈን በየቀኑ እንቀይራለን፣ ሆዷንና እግሯን በለብ ያለ ውሃ እናብሳለን። የጥድ ፍርፋሪና አቧራ የሚበዛበት ንጣፍ ሳንባዋን ስለሚያስቸግር አስወጣነው። የተለመደ ደረቅ ምግቧን በውሃ እናርሰዋለን። ከእህቷ አልለየናትም፤ አይጥ ብቻዋን መኖር አይሆንላትም። እንዲያውም ለምርመራ ስንሄድ ሁለቱንም አብረን እንድናመጣ ያዘዙን እሳቸው ናቸው። እህቷ ጠጉሯን ታበጥርላታለች፤ ራሷ የማትደርስበትን ሁሉ። በየሳምንቱ ክብደቷንና የእብጠቱን ርዝመት እጽፋለሁ።

መጨረሻውንም ሳይደብቁ ነገሩኝ። እብጠቱ ከቆሰለ፣ የምትወደውን ምግብ ከተወች፣ ጠጉሯን መላስ ካቆመች፣ ሆዷ እየተንቀሳቀሰ በግድ መተንፈስ ከጀመረች ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ያኔ መጀመሪያ በጋዝ አስተኝተው ከዚያ እንደሚሸኟት አስረዱኝ። ነቅታ መርፌ እንደማይወጉባት ሳውቅ ቀለል አለኝ። ሚጡ እዚያ አልደረሰችም። ይህን ስጽፍ ጨርቋን ወደ ጥግ እየጎተተች ነው።

ገና ወጣት ሴት አይጥ ያላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፤ እኔ ሚጡን ያገኘኋት ካደገች በኋላ ስለሆነ አልደረስኩበትም። በልጅነት፣ በተለይ 3 ወር ሳይሞላት፣ እንቁላል ማምረቻዋ በቀዶ ጥገና የወጣላት አይጥ የጡትም የፒቱታሪም እብጠት የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ቀዶ ጥገናው የራሱ አደጋ ስላለው ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ወንዶቹም ከእብጠት ነጻ አይደሉም፤ እነሱንም እየዳበሳችሁ እዩ።

እኚህ ዶክተር ለሚርቋችሁ ደግሞ ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ልጠቀምባት። ክሊኒክ ስትደውሉ «አይጥ ታክማላችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ አዎ ማለት ቀላል ነው። «ከቀዶ ጥገና በፊት ለስንት ሰዓት ምግብ ልከልክላት?» በሏቸው። «ሌሊቱን በሙሉ» ካሏችሁ አመስግናችሁ ሌላ ቦታ ደውሉ።

እንከናቸውንም ልናገር፣ ካድሬ እንዳልመስል። ወረፋቸው ረጅም ነው፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ስለሆነ ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ቀጠሮ ስትይዙ አይጥ እንደሆነች አስቀድማችሁ ለረዳቷ ንገሯት። ድመቶች የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጣችሁም፤ በሌላ በር ታስገባችኋለች። ሳጥኑን ጨርቅ አልብሱት፣ የተጻፈ ክብደት ካላችሁም አምጡ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።